«ዋይ» ከማለታችሁ በፊት፦ የሰውን ዓላማ በእንግሊዝኛ የመጠየቂያ ዝርዝር መመሪያ

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ አንዲት ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። በእጇ በፎይል የተሸፈነ የሙዝ ኬክ ይዛለች። ደስ አለኝ። በሆዴ «ምን እግር ጣለሽ!» እያልኩ ከአፌ የወጣው ግን «ዋይ ዲድ ዩ ካም?»፣ ማለትም «ለምን መጣሽ?» ነበር። ያውም ፈገግ ብዬ። የሴትዮዋ ፈገግታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። «ሌላ ጊዜ ብመጣ ይሻላል መሰለኝ» ዓይነት ነገር ብላ ኬኩን አቀብላኝ ሄደች።

ሰዋስዉ ትክክል ነበር። አንድም ፊደል አልጎደለም። የጎደለው አማርኛዬ ነው ብል ትስቁ ይሆናል፤ ግን እውነቴን ነው። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ በር ላይ የቆመ እንግዳን «ለምን መጣህ?» አልለውም። እንዲህ የሚባለው ለተጣሉት ሰው ነው። በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለውን ርቀት አገር ቤት እያለን በልጅነታችን ነው የምናውቀው። ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ግን ይህን ሁሉ ዕውቀት ድንበር ላይ ጥለን «ዋይ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ይዘን እንገባለን። ከዚያ በኋላ አዲስ መጤዎችን ማታ ማታ እንግሊዝኛ ሳግዝ ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። እንግሊዝኛም የራሱ «ምን እግር ጣለህ» አለው፣ «ምን ነክቶህ ነው» አለው፣ «ምን አስበህ ነው» አለው። ሥራው ማዛመድ ነው።

እንግሊዝኛዉን በፊደላችን ነው የምጽፈው። ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ሂዱ፤ ዜማው ግማሹ ትርጉም ነው።

ደረጃ 1፦ በአማርኛ ምን ልትሉ እንደነበር ለዩ

«ዋይ» ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ አንድ አፍታ ቆም በሉና ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህን ሰው በአማርኛ ባናግረው ምን እለው ነበር? «ለምን?» ነው ወይስ «ምን አስበህ ነው?» ወይስ «ምን ነክቶህ ነው?» ወይስ «ምን ፈልጎ ነው ይሄ ሰውዬ?» የመጀመሪያው መረጃ ይፈልጋል። ሁለተኛው የሰውየውን ዕቅድ ማወቅ ይሻል። ሦስተኛው ጥያቄ ለብሶ የመጣ ወቀሳ ነው፤ አራተኛው ደግሞ ጥርጣሬ። እንግሊዝኛ ለአራቱም የተለያየ ልብስ አለው። የቱን እንደምትፈልጉ ሳታውቁ ከገባችሁ አፋችሁ ላይ የሚመጣው ሁሌ «ዋይ» ነው፣ ሰሚው ደግሞ ከአራቱ ክፉውን ይመርጣል።

ደረጃ 2፦ ምክንያት ነው ዓላማ የምትጠይቁት?

«ለምን» የሚለውን ቃላችንን ብትፈቱት «ለ» እና «ምን» ነው። እንግሊዝኛም ከእነዚሁ ከሁለቱ የተሠራ ጥያቄ አለው፦ «ዋት ፎር»። ልዩነቱ እኛ «ለ»ን ከፊት ስናስቀድም እነሱ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ጭራ መወርወራቸው ነው። «ዋት ዲድ ዩ ባይ ዛት ፎር?» ማለት «ያንን ለምን ብለህ ገዛኸው?» ነው። «ፎር»ን መጨረሻ ላይ መርሳት የእኛ ሰው የዘወትር ስህተት ነው፤ «ዋት ዲድ ዩ ባይ ዛት» ብቻ ከሆነ ትርጉሙ ይፈርሳል።

«ዋይ» ሰፊ ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ምን» የሚለው ቃል «በምን» እንደምንለው ሲረባ የነበረው መልክ ነው ዛሬ «ዋይ» ሆኖ የቀረው። ስለዚህም ይመስላል ምክንያትንም ዓላማንም አንድ ላይ የሚይዘው። «ዋት ፎር» ግን ዓላማን ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ዓላማ ደግሞ የሚኖረው አሳቢ ፍጡር ብቻ ነው። መሬት ላይ የተሰበረ ብርጭቆ ብታዩ «ዋይ ኢዝ ዘ ግላስ ብሮክን?» ትላላችሁ። «ዋት ኢዝ ዘ ግላስ ብሮክን ፎር?» ካላችሁ ግን «ብርጭቆው ለምን ዓላማ ተሰበረ?» ስለሆነ ሰው ያስቃል። ሰውየው እያያችሁት ወርውሮ ከሰበረው ያን ጊዜ «ዋት ዲድ ዩ ዱ ዛት ፎር?» ይቻላል፤ ንዴትም አለበት። ያልተደረገን ነገር ስትጠይቁም «ዋት ፎር» አይሆንም። «ለምን አልመጣህም?» ሁልጊዜ «ዋይ ዲድንት ዩ ካም?» ነው።

ሦስተኛው «ሃው ካም» ነው። ቃል በቃል ካነበባችሁት ምንም አይሰጥም። «እንዴት ሊሆን ቻለ» ከሚለው ረዘም ያለ አነጋገር ተቆርጦ የቀረ ነው፤ በእኛ «ምነው?» ለሚለው ይቀርባል። «ምነው ዛሬ ብቻህን?» ለማለት «ሃው ካም ዩር አሎን ቱዴይ?» ይባላል። ልብ በሉ፣ «ሃው ካም አር ዩ» አይደለም። ከ«ዋይ» በኋላ ረዳት ግሡ ይቀድማል፣ ከ«ሃው ካም» በኋላ ግን ዓረፍተ ነገሩ እንደ ተራ ወሬ ይቀጥላል፦ «ሃው ካም ዩ ሌፍት?» እንጂ «ሃው ካም ዲድ ዩ ሊቭ?» አይደለም። ለጀማሪ ይህ ስጦታ ነው፤ የቃል ቅደም ተከተል መገልበጥ የለበትም። ለወዳጅና ለሥራ ባልደረባ ተጠቀሙበት፣ ለማመልከቻና ለኢሜይል ግን አትጻፉት፤ የአፍ ቋንቋ ነው።

ደረጃ 3፦ ሰውየውን ከጥያቄው ፊት አንሡት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አማርኛ የሚችል ሰው ሳያውቀው ግማሹን መንገድ ተጉዟል።

«ዋይ ዲድ ዩ…» ሲባል ተከሳሹ «ዩ» ነው። ድርጊቱ የአንተ ነው፣ መልሱም ካንተ ይጠበቃል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ለማለዘብ ሲፈልጉ ባለቤቱን ይለውጡታል፤ «ምን»ን አድራጊ፣ ሰውየውን ተደራጊ ያደርጉታል። እኛ ይህን ቀኑን ሙሉ ነው የምናደርገው። «ምን አሳቀህ?» «ምን አስቆጣት?» «ምን አመጣህ?» እንላለን። እንግዲህ «ዋት ሜድ ዩ…» እና «ዋት ብሪንግስ ዩ…» እነዚህ ናቸው።

«ነርስነትን ለምን መረጥሽ?» ለማለት «ዋይ ዲድ ዩ ቹዝ ነርሲንግ?» ስህተት የለበትም። «ዋት ሜድ ዩ ቹዝ ነርሲንግ?» ካላችሁ ግን ጠያቂው ታሪኳን ለመስማት ወንበር የሳበ ይመስላል። ከ«ሜድ ዩ» በኋላ የሚመጣው ግስ ራቁቱን ነው፤ «ሜድ ዩ ቱ ቹዝ» አይባልም።

ጎረቤቴን ልላት ይገባኝ የነበረው «ዋት ብሪንግስ ዩ ሂር?» ነበር። አያችሁት? «ምን እግር ጣለሽ» ራሱ ነው፤ እግሩ ብቻ ቀርቷል። የአሜሪካ ሐኪምም ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚከፍተው በዚሁ ነው፦ «ሶ፣ ዋት ብሪንግስ ዩ ኢን ቱዴይ?» አንዲት የማግዛቸው እናት ይህን ሲጠየቁ «ኡበር» ብለው መለሱ፤ ምን እንዳመጣቸው ነውና የተጠየቁት። ሐኪሙ የሚፈልገው ሕመሙን ነው፦ «ሦስት ቀን ሆነኝ፣ እዚህ ጋ ይወጋኛል»። የቀረውን እሱ ይጠይቃል።

አንድ ወጥመድ አለው። «ዋት ሜክስ ዩ ቲንክ…» ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ድምፁ ካልለዘበ «እንዲህ ነው ያለህ ማን ነው?» ይሆናል። «ዋት ሜክስ ዩ ቲንክ አይም ፔይንግ?» ያለ ጓደኛ ስለ ሐሳባችሁ አመጣጥ ሊማር አይደለም፤ ሒሳቡን እንደማይከፍል ነው የነገራችሁ።

ደረጃ 4፦ «እርስዎ» በሌለበት አንቱታን ከየት እናምጣ?

እንግሊዝኛ አለቃንም ልጅንም «ዩ» ይላል። እኛ «ለምን ለወጡት?» ባልን ጊዜ አክብሮቱ ግሡ ላይ ተሰፍቷል፤ ጥያቄያችን ቀጥተኛ ቢሆንም አይቆረቁርም። ያው ጥያቄ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ አንቱታው ይራገፍና «ዋይ ዲድ ዩ ቼንጅ ኢት?» ብቻ ይቀራል። ደረቅ ነው። የእኛ ሰው ትሑት ሆኖ ሳለ ሥራ ቦታ «ኮስታራ» የሚል ስም የሚወጣለት በዚህ ይመስለኛል።

አክብሮቱ ታዲያ የት ሄደ? ወደ ርዝመቱ፣ ወደ ኃላፊ ጊዜው፣ ወደ ተገብሮ ግሡ ሄዷል። አንድ ጥያቄ በሦስት ደረጃ እንውሰድ። የሥራ ሰዓታችሁ ተለውጧል፣ አለቃችሁን ልትጠይቁ ነው።

«ዋይ ዲድ ዩ ቼንጅ ማይ ስኬጁል?» ለእኩያ ይሆናል፤ ለአለቃ ግን ጠብ ያለሽ በዳቦ ነው።

«ካን አይ አስክ ዋይ ዩ ቼንጅድ ማይ ስኬጁል?» ይህ በር አንኳኩቶ መግባት ነው። «ዲድ» የት እንደገባ አያችሁ? ጠፍቷል። ጥያቄው በሌላ ጥያቄ ሆድ ውስጥ ሲገባ ረዳት ግሡ አይቀድምም። «ካን አይ አስክ ዋይ ዲድ ዩ» የሚል ሰው ይገባዋል እንጂ ትክክል አይደለም።

«አይ ዋዝ ጀስት ዎንደሪንግ ዋይ ማይ ስኬጁል ዋዝ ቼንጅድ።» ይሄኛው ሁለት ነገር ሠርቷል። አንደኛ፣ የምጠይቀው አሁን ሆኖ ሳለ ግሡ ኃላፊ ነው፤ ልክ እኛ ፊት ለፊቱ ቆመን «አንድ ነገር ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር» እንደምንለው። ሁለተኛ፣ «ለወጥክ» ቀርቶ «ተለወጠ» ሆኗል። ለዋጩ ማን እንደሆነ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ፣ ግን አልተነሣም። ደግሞ እዩት፣ የጥያቄ ምልክት እንኳ የለውም።

ቢሮ ውስጥ የምትሰሟቸው ሌሎች ሁለት ልብሶች አሉ። «ዋት ዋዝ ዘ ቲንኪንግ ቢሃይንድ ዚስ?» ሰውየውን ትቶ ሐሳቡን ይጠይቃል፤ ጥሩ ነው፣ ልበሱት። «ሄልፕ ሚ አንደርስታንድ…» ግን ለስላሳ ቢመስልም ተጠንቀቁለት። አለቃ «እንዲገባኝ እርዳኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ገብቶታል፤ አልተዋጠለትም እንጂ። ይህ ሲመጣባችሁ «ኦኬ» ብላችሁ አትለፉ፣ በዝርዝር አስረዱ።

በነገራችን ላይ ከ«ዋይ» የሚሸሹ ሁለት ሙያዎች አሉ። የሥነ ልቦና አማካሪዎች ሲሠለጥኑ «ዋይ»ን በ«ዋት» ወይም በ«ሃው» ተኩ ይባላሉ፤ «ለምን» የተባለ ሰው ራሱን ለመከላከል ይዘጋል ተብሎ ነው። ጠበቆች ደግሞ የተቃራኒ ወገንን ምስክር ሲመረምሩ «ዋይ» አትበሉ ይባላሉ፤ ምክንያቱም የተገላቢጦሽ ነው፣ ምስክሩ አፉን ከፍቶ እንደልቡ ያስረዳልና። አገር ቤት ካይዘን የሚባለውን የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ሥልጠና የወሰደ አንባቢ «አምስት ጊዜ ለምን ብላችሁ ጠይቁ» የሚለውን ከቶዮታ የመጣ ዘዴ ያነሣብኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ግን እዚያ አምስት ጊዜ የሚጠየቀው የሥራው ሂደት ነው። ሰውን በተከታታይ አምስት ጊዜ «ዋይ» ብትሉት እስከ ሦስተኛው አይቆይላችሁም።

ደረጃ 5፦ ጥያቄ የሚመስለውን ወቀሳ እወቁ

አንዲት ቃል ስትለወጥ ስሙ። «ዋይ ዲድ ዩ ቴል ሂም?» እንደ ድምፁ ነው፤ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። «ዋይ ዉድ ዩ ቴል ሂም?» ግን ከሞላ ጎደል ተፈርዷል፤ «ደግሞ ለምን ብለህ ነው የምትነግረው!» ማለት ነው። በ«ዉድ» የመጣውን ረጅም ማብራሪያ አትስጡት፤ ጥፋት ካለ ይቅርታ፣ ከሌለም አጭር መልስ ይበቃዋል።

«ዋት ወር ዩ ቲንኪንግ?» ቃል በቃል «ምን እያሰብክ ነበር?» ነው። ምን እያሰባችሁ እንደነበር መናገር ከጀመራችሁ አበቃላችሁ። «ምን ነካህ?» መሆኑ ነው። «ዋትስ ጋትን ኢንቱ ዩ?» ደግሞ ራሱ «ምን ነክቶህ ነው?» ሲሆን እነሱ ዘንድ የነካው ነገር ወደ ውስጥ ገብቷል። «ዋት ፖዜስድ ዩ ቱ ሴል ዘ ካር?» ከሁሉም ይበልጥ የእኛን ይመስላል፤ «ምን ሰይጣን አሳስቶህ ነው መኪናውን የሸጥከው?» ሰይጣኑ ቃሉ ውስጥ አለ፣ «ፖዜስድ» ጋኔን ለያዘው ሰውም የሚባል ነውና።

«ዲድ ዩ ዱ ዛት ኦን ፐርፐስ?» «ሆን ብለህ ነው?» ነው። «ፐርፐስ» ዓላማ ማለት ነው ብሎ የተማረ ሰው «ዓላማ ነበረህ?» የተባለ መስሎት ሥራ ቦታ «የስ» ሊል ይችላል። የሥራ ባልደረባው እግር ላይ ሳጥን ጥሎ «የስ» ያለ ሰው አውቃለሁ። ሱፐርቫይዘሩን ለማስረዳት ሙሉ ቀን ፈጀብን።

በተቃራኒው ወቀሳ የሚመስል ግብዣ አለ፦ «ዋይ ዶንት ዩ ሲት ዳውን?» ይህ ቀላል ነው፣ አማርኛም «ለምን አትቀመጥም?» ብሎ ይጋብዛል። መልሱ መቀመጥ ነው። «ዋይ አረንት ዩ ሲቲንግ?» ከሆነ ግን የእውነት ጥያቄ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የድምፅ ጫና አለ። እኛ አጽንዖት ስንፈልግ ቃሉን እናንቀሳቅሳለን፣ «ነው» እንጨምራለን። እነሱ ቃሉን ሳያንቀሳቅሱ ድምፅ ይጥሉበታል። «ዋይ ዲድ ዩ ካል ሂም?» የሚለውን «ዩ» ላይ ከብዳችሁ በሉት፦ ሌላ ሰው እያለ ለምን አንተ? «ካል» ላይ፦ ቴክስት መላክ ሲቻል ለምን ስልክ? «ሂም» ላይ፦ ሰው ጠፍቶ ነው ለእሱ የደወልከው? መስታወት ፊት ሦስቱንም ተለማመዱ። ቤተሰብ ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ደረጃ 6፦ ስትጠረጥሩ

«ዋት አር ዩ አፕ ቱ?» ከጓደኛ በቴክስት ሲመጣ «ምን ትሠራለህ? እንዴት ነው?» ብቻ ነው። ስለ ሦስተኛ ሰው ሲሆን ይጨልማል፦ «ዋትስ ሂ አፕ ቱ?» ማለት «ይሄ ሰውዬ ምን እያሴረ ነው?» ነው።

ነገሩ በጣም ካማረ የሚባለው «ዋትስ ዘ ካች?» ነው። ሰሙ «መያዣው ምንድን ነው?» ወርቁ «መንጠቆው የት አለ?» በነፃ ስልክ፣ ያለ ክሬዲት መኪና፣ በሦስት ወር ዲግሪ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ሳታፍሩ በሉት፤ ነውር የለውም። «ዋትስ ኢን ኢት ፎር ዩ?» ማለትም «አንተስ ምን ታገኝበታለህ?» ትንሽ ይበረታል፤ ደላላ ላይ እንጂ ውለታ የዋለላችሁ ሰው ላይ አታውጡት። ሰው ነገር አዙሮ አዙሮ አልጨርስ ሲል «ዋት አር ዩ ጌቲንግ አት?» ይባላል፣ «ወዴት ወዴት ነው?» እንደማለት።

ደረጃ 7፦ ጠያቂው መንግሥት ሲሆን

እዚህ ጨዋታው ይቀየራል። ባለሥልጣን ዓላማችሁን ሲጠይቅ ሐሜት አይደለም፣ ጥርጣሬም ላይሆን ይችላል፤ ሕግ የሚለካበት ሚዛን ነው።

ለጉብኝት ቪዛ «ዋትስ ዘ ፐርፐስ ኦፍ ዩር ትሪፕ?» ስትባሉ ጀርባው ላይ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214(ቢ) ቆሟል። ይህ አንቀጽ አብዛኛውን የጊዜያዊ ቪዛ አመልካች ተቃራኒውን እስኪያሳይ ድረስ ለመቅረት እንደሚሄድ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ቢመስልም ሁለት ነው፦ ለምን ትሄዳለህ፣ ለምንስ ትመለሳለህ? መልሱ እውነት፣ አጭርና ዲኤስ-160 በሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም ላይ ከሞላችሁት ጋር አንድ ይሁን። «እኅቴ ልትወልድ ነው፣ ልጠይቃት ነው፣ ሦስት ሳምንት» ይበቃል። እኛ አገር ጨዋ ሰው ጉዳዩን ከሰላምታና ከቤተሰብ ታሪክ ይጀምራል፤ እዚያ መስኮት ላይ ግን ዓላማው መጀመሪያ ይቅደም።

መኪና ለሚነዳ ደግሞ «ዱ ዩ ኖው ዋይ አይ ፑልድ ዩ ኦቨር?» የሚባል የፖሊስ ጥያቄ አለ። «ለምን እንዳቆምኩህ ታውቃለህ?» ነው። በእኛ ባህል ለባለሥልጣን «አላውቅም» ማለት መዳፈር ስለሚመስለን ጥፋት ፈልገን እንናዘዛለን፦ «ፍጥነት ጨምሬ ይሆን?» የምትሉት ነገር የእምነት ቃል ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ፖሊስ ስለ ትራፊክ ጥሰት ወይም ስለ ወንጀል መጠየቅ ከመጀመሩ በፊት ያስቆመበትን ምክንያት ራሱ እንዲናገር ሕግ ያስገድደዋል፤ ከጥቂት አስቸኳይ ሁኔታዎች በስተቀር። ሌላ ቦታ ስትሆኑ በትሕትና «ኖ፣ ኦፊሰር» ማለት ነውር አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ነው። እዚያ «ዋይ» የሚጠይቀው የእናንተን ዓላማ ብቻ አይደለም፤ የበደሏችሁን ሰዎች ዓላማ ነው። «ዋይ ዲድ ዘይ ዱ ዚስ ቱ ዩ?» እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት አምስት መነሻዎችን ይዘረዝራል፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት እና የፖለቲካ አመለካከት። የአሜሪካ ሕግም እነዚህኑ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሪል አይዲ አክት የሚባለው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ለበደሉ ቢያንስ «አንድ ዋነኛ ምክንያት» መሆኑ ይታይ ይላል። ማለትም መደብደብህ ብቻውን አይበቃም፤ የደበደቡህ ለምን እንደሆነ ነው ጉዳዩ።

አሁን የእኛን ሰው መልስ ስሙ። «ለምን እንዲህ አደረጉህ?» ሲባል «ጨካኞች ስለሆኑ» ይላል። ወይም «ዝም ብለው»። ወይም «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እነሱን ጠይቃቸው»። ሁሉም ከልብ የወጣ ነው፣ ሁሉም ግን መዝገቡን ባዶ ይተወዋል። ጠያቂዋ የምትፈልገው የሰዎቹን ልብ ሳይሆን የሰዎቹን አፍና እጅ ነው። ሲመቱህ ምን እያሉ ነበር? ምን ብለው ሰደቡህ? ስለ ማን ጠየቁህ? ከአንተ ጋር እነማንን ወሰዱ? እናንተ «ዋይ» ስትባሉ እነዚህን ነው የምትመልሱት፤ የሆነውን ብቻ። የማታውቁትን አላውቅም በሉ፣ የጠረጠራችሁትን ደግሞ ለምን እንደጠረጠራችሁ ንገሩ። ጠበቃ ማግኘት ከቻላችሁ ከቃለ መጠይቁ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ አብራችሁ ሥሩበት።

አስተርጓሚ ለምትሆኑም አንድ ነገር አለኝ። «ዋይ ወር ዩ አሬስትድ?» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን «ምን አድርገህ ነው የታሰርከው?» ነው። አማርኛው ያምራል፣ ግን ጥፋተኛ አድርጎታል፤ ሰውየውም «ምንም አላደረግኩም» ብሎ ይዘጋዋል። «ለምን ታሰርክ?» በሉት፣ እንዳለ።

«ዋይ ዲድንት ዩ ጎ ቱ ዘ ፖሊስ?» ሲመጣ ደግሞ ብዙዎች ይናደዳሉ፤ «ማን ሊሰማኝ!» መናደድ አያስፈልግም። መልሱ እዚያው ንዴታችሁ ውስጥ አለ። ለምን እንደማይሰሟችሁ ንገሩ።

ደረጃ 8፦ ስትመልሱ

«ስለ» ሲሆን «ቢኮዝ»፣ «ለመ» ሲሆን «ቱ»። «ልማር መጣሁ»፣ «ለመማር መጣሁ» ሁለቱም «አይ ኬም ቱ ስተዲ» ናቸው። «ለ» ስላየን ብቻ «ፎር ስተዲ» ወይም «ፎር ቱ ስተዲ» ማለት ትልቁ መታወቂያችን ሆኗል።

«ዝም ብዬ» ለሚለው ወርቃማ መልሳችን «ኖ ሪዝን» ወይም «ጀስት ቢኮዝ» አለ። መናገር ካልፈለጋችሁ «ምን አገባህ»ን ዋጡትና «አይድ ራዘር ኖት ሴይ» በሉ። «ለምን ጠየቅከኝ?» ደግሞ «ዋይ ዱ ዩ አስክ?» ነው፤ መጨረሻውን ቀና አድርጋችሁ በለስላሳ ድምፅ፣ አለዚያ በር መዝጊያ ይሆናል።

ከጎረቤቴ ጋር ታርቀናል። ሳህኗን ባዶውን መመለስ ስለማይሆን ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። በሩን ከፍታ «ዋት ብሪንግስ ዩ ሂር?» አለችኝ፤ ያን ቀን ነው የተማርኩት።

ቤቴ ውስጥ ግን እስካሁን አልተሳካልኝም። የሰባት ዓመቷ ልጄ «ተኚ» ስላት «ዋይ?» ትላለች። «ስላልኩ!» እላታለሁ። ፈረንጆቹም ለልጆቻቸው «ቢኮዝ አይ ሴድ ሶ» እንደሚሉ ታውቃለች፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ «ዛትስ ኖት አ ሪዝን፣ አባ» ትለኛለች።